ጊምቢቹ ላይ ያሸግሽው ምግብ ቤት

ውዷ ባለቤቴ፣ አስቴርዬ፣

ከተለየሽን ስምንት ወር ሆነ። እዚህ ሆሳዕና ከተማ ክረምቱ ገብቷል። የጓሮውን አጥር አሳደስኩት፤ የቧንቧው ውኃ ግን አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ተቆጪ ባይኖርም፣ ከሁሉ አስቀድሜ እጄን እታጠባለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ወንድሜ ስለ ሃንዲሶ ነው። በሕይወት ሳለሽ ልነግርሽ ያልደፈርኩት ነገር አለ።

ጊምቢቹ በአካባቢ ጤና ባለሙያነት በምትሠሪበት ጊዜ፣ ገበያው አካባቢ ሕፃናት በተቅማጥ ታመሙ። የምግብ ቤቶቹን የውኃ ጉድጓድ በዚያው ቀን እንደምትፈትሺ ቁርስ ላይ ነገርሽኝ። አንቺ ሚኒባስ ላይ ሳለሽ፣ እኔ እዚያው ገበያ ምግብ ቤት ለነበረው ለሃንዲሶ ደውዬ እንደምትመጪ ነገርኩት። የምግብ ቤቱ ሽንት ቤት ከውኃው ጉድጓድ ጥግ እንደተቆፈረ አውቅ ነበር። እሱም ጣውላ ደርድሮበት፣ የድንች ጆንያ ከምሮበት ጠበቀሽ። አንቺ ግን ጆንያውን አስነሳሽ። ምግብ ቤቱንም አሸግሽ።

እናቴ አለቀሰች። እኔም «ለእኔ ስትይ ክፈቺለት፣ የገዛ ወንድሜ ነው» አልኩሽ።

«ለአንተ ስል ከከፈትኩ የሌላውን ሰው በምን ፊቴ እዘጋለሁ?» አልሽኝ።

ሦስት ሳምንት አኮረፍኩሽ። አንቺ ግን ምሳዬን መቋጠር አልተውሽም። ሃንዲሶ የድሮውን ደፍኖ፣ ከግቢው ታች ሌላ ሽንት ቤት አስቆፈረ፤ ውኃው ታክሞ ንጹሕ መሆኑ ሲረጋገጥ አንቺው ሄደሽ ከፈትሽለት። የሕፃናቱም ሕመም ጋብ አለ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ «ያኔ የደወልኩልህን ሳልነግራት ሞተችብኝ» አልኩት።

ሃንዲሶ «ታውቅ ነበር እኮ» አለኝ።

ለካ ያሸግሽ ዕለት «ማን ነገረህ?» ብለሽ ጠይቀሽው፣ እሱም አልዋሸሽም። «ማወቄን እንዳትነግረው፤ ሲሸማቀቅ ማየት አልፈልግም» ብለሽ ቃል አስገብተሽው ኖሯል።

አስቴርዬ፣ እነዚያን ሦስት ሳምንታት እያወቅሽ ነው የቻልሽኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሃንዲሶ ክንዴን ይዞ ቤት አደረሰኝ።

ይቅር በይኝ። ለልጆቻችን ያንን ታሪክ ሳወራ እስካሁን የራሴን ድርሻ እየዘለልኩ ነበር። ዛሬ ምሳ ላይ ማን እንደደወለ ነገርኳቸው። ትልቋ ልጃችን ሳህኔ ላይ ወጥ ጨመረችልኝ።

እስካለሁ ድረስ ስምሽ በተነሣ ቁጥር፣ ጥፋቴን ሳልደብቅ አነሳሻለሁ።

ባለቤትሽ፣ ጴጥሮስ