ቦቢን ከአልጋ ስለማውረድና መልሶ ስለማውጣት

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ስንታየሁ፣
የወጣቶች የሥራ ቦታ ድልድል ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሸዋሮቢት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የሰኔው ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደጅ ከመጥናታችን በቀር ደህና ነን። እርስዎንም፣ ባለቤትዎን እትዬ ደብሪቱንም፣ ውሻዎን ቦቢንም ፈጣሪ በየተኛችሁበት ይጠብቅልን። ማን የት እንደሚተኛ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ለመሆኑ ውሻ አንዴ የሰው አልጋ ከለመደ እንዴት ተደርጎ ነው የሚወርደው? ሙቀት ሲበረታ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ከኒም ዛፍ ሥር የሚተኛ የከተማችን ሰው ሁሉ፣ ጎኑ ላይ ጠጉራም ነገር ተጋድሞ ባገኘ ቁጥር ይህን ሳይጠይቅ አልቀረም። እኔ ኢየሩሳሌም እባላለሁ፤ ከጀውሃዋ ጓደኛዬ ከሙሀባ ጋር በእንስሳት ሕክምና ተመርቄያለሁ። መልሱን አግኝተነው ነበር። በአደባባይ የምጽፍልዎ መልሱን ስላገኘን ምን እንደደረሰብን አገር እንዲያውቀው ነው፤ በቢሮ በኩል የጻፍነው ማመልከቻ ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ አልፎ እንደሆነ እስካሁን የነገረን የለምና።

አንደኛ፤ ምስጋና ይቅደም። ባለፈው መጋቢት እኛን ሥራ የሌለንን ምሩቃን አዳራሽ ሰብስበው ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ እንድንሆን ስለመከሩን ከልብ እናመሰግናለን። ሌላው ሰው የታሸገው ውሃ ሲያልቅ አንድ ሁለት እያለ ወጣ። እኔና ሙሀባ ግን ከፊት ወንበር ሳንነሳ ቆይተን፣ ከከብት ገበያው አጥር ጥግ ተቆልፋ የምትኖረውን ባዶ ሼድ ለእንስሳት ሕክምና እንድትሰጡን ጠየቅን። ከቆላው የሚመጣ ግመል፣ ከጀውሃ የሚመጣ ፍየል፣ ከተማው ውስጥ ጀርባው የተላጠ የጋሪ አህያ፣ ሁሉም በዚያ በር ያልፋል። እርስዎም በኮሚቴው ፊት ፈገግ ብለው፣ «እኔ ዲግሪ አይቼ አላምንም፤ መጀመሪያ የኔን ቦቢ ከአልጋ አውርዱልኝ፣ ከዚያ ሼዱን ውሰዱ» አሉ። ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ። ሙሀባ አልሳቀችም። ደጅ እንደወጣን ክንዴን ይዛ፣ «ወላሂ እየሩስ፣ ሥራ ሰጡን እኮ» አለችኝ። በአምስት ዓመት ትምህርት ያልተማርነው ነገር ቢኖር ኃላፊ ሲቀልድና ሲያዝ መለየት ነበር።

ሁለተኛ፤ ቤትዎን በተመለከተ። ይህን የምጽፈው በእትዬ ደብሪቱ ፈቃድ ነው፤ ሳስፈቅዳቸው «ጻፊው ልጄ፣ አልጋው ደጅ ነው፤ ጎረቤት ያላየው የለም» ብለውኛል። አልጋው ከኒሙ ሥር ተዘርግቷል። ከጤና ጣቢያ የተሰጠው አጎበር ከቅርንጫፉ ወርዶ ዙሪያውን አልብሶታል። ከአጎበሩ ውስጥ እርስዎና ቦቢ አላችሁ። ቦቢ እጁንና እግሩን ዘርግቶ መተኛት ስለሚወድ፣ ደግሞም እትዬ ደብሪቱ ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ስለሚያጉረመርምባቸው፣ እሳቸው ከአጎበሩ ውጭ ሰሌን አንጥፈው መሬት ላይ ይተኛሉ። እንግዲህ ሚያዝያ ላይ ወባ ጥሎ ያንቀጠቀጠው ማንን እንደሆነ መገመት ለኮሚቴ እንኳ አይከብድም። ቦቢን መርምረነዋል፤ ፍጹም ጤነኛ ነው። የወባ መከላከል ሥራችን በውሻ ረገድ መቶ በመቶ የተሳካ መሆኑን ለበላይ አካል ሪፖርት ቢያደርጉ የሚያሳፍር አይሆንም።

መዥገሩንና ቁንጫውን አላነሳም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዶ እንደሆነ ስንጠይቅዎ ግን «እሱ እኮ የቤት ልጅ ነው» ብለው የመለሱልንን ሳላነሳ ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። ከትበነዋል። ስለ እሱ ምስጋና አንጠብቅም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሥራው። እርስዎ ለአመራር ክህሎት ስልጠና አዳማ በሄዱባቸው ሳምንታት እኛ ደግሞ ቦቢን ግቢዎ ውስጥ እናሰለጥን ነበር። ውሻ በዱላ አይወርድም፤ በዱላ የወረደ ዱላው ዞር ሲል ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሱ መኝታ ሰጠነው፤ የማሾ ጆንያ የጤፍ ገለባ ሞልተን፣ ጠረንዎ እንዳይናፍቀው እትዬ ደብሪቱ የሰጡንን አሮጌ የካኪ ኮትዎን ጆንያውን አለበስነው። ማታ ማታ እንዲደክመው ሮቢ ወንዝ ድረስ አዘዋወርነው። ሲመለስ ጆንያው ላይ ከተኛ የጉበት ቁራሽ ያገኛል። አልጋው ላይ ከወጣ ማንም አይጮህበትም፣ ማንም አይለማመጠውም፤ አንድ ሰው «ውረድ» ብሎ፣ አንገቱን ይዞ፣ ዝም ብሎ ያወርደዋል። ጥበቡ ይኸው ነው። ቃሉ አንድ ይሁን፣ ቤተሰቡም በሙሉ ያንኑ አንድ ቃል ይናገር። አንዱ ውረድ ሲል ሌላው ና ካለ ግን ውሻው ማንን መስማት እንደሚያዋጣው ያውቃል፤ በዚህ በኩል ከኛ ከምሩቃኑ ይልቅ የቢሮ አሠራር ይገባዋል።

ሙሀባ በሃይማኖቷ ምክንያት ምራቁ እንዳይነካት እየተጠነቀቀች ከጉበቱ በስተቀር ሁሉንም ሠርታለች። እናቷ «አምስት ዓመት የተማርሽው የውሻ አልጋ ልታነጥፊ ነው?» ብለው ቢያሾፉባት፣ «አይ እማ፣ ሼድ ላነጥፍ ነው» ብላ ስትመልስ ሰምቻታለሁ። እንዲህ ያለ ተስፋ ነበረን፣ ክቡር ሆይ። በሥራው መሐል የሼዷን በር የምንቀባበትን ቀለም እንኳ ተከራክረን ጨርሰናል።

ቦቢም ተማረ። ቀን ቀን የወረደው ማታም ወረደ፤ ማታ የወረደው ሳይነገረው ወረደ። እትዬ ደብሪቱ ከአጎበሩ ውስጥ አድረው የተነሱ ዕለት ጠዋት በስልክ ጠርተውን ስንሮጥ ብንደርስ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ፀጉራቸውን እየሠሩ ነበር። «ጀርባዬ አልጋ ረስቶ ኖሯል፤ ስገላበጥ አደርኩ» አሉን እየሳቁ። ጎረቤቶችዎ ቦቢን ጆንያው ላይ ለማየት በአጥሩ ቀዳዳ ይመጡ ነበር። አንዲት እናት ባለቤታቸውንም በዚሁ ዘዴ ከመጠጥ ቤት ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቀውናል፤ ከሙያችን ውጭ መሆኑን በትሕትና አስረድተናል።

አራተኛ፤ እርስዎ ከስልጠና ተመለሱ። ቦቢን ጆንያው ላይ አዩት። «ምስኪን!» አሉ። ከዚያ ፍራሹን በመዳፍዎ መታ መታ አድርገው «ና የኔ ጌታ» አሉት። ያን ዕለት ማታ ሙሀባ ሥራችንን ልታሳይዎ በር ላይ ቆማ ስለነበር ይህ ከሰው የሰማነው አይደለም። ቦቢ ወዲያው አልወጣም፤ እትዬ ደብሪቱን ዞር ብሎ አያቸው። እርስዎ ሁለተኛ መታ ሲያደርጉ ወጣ። እትዬ ደብሪቱ ሰሌናቸውን ከግድግዳው ሥር አንስተው አነጠፉ። ይህን ያየች ጓደኛዬ እቤት ገብታ እራት አልበላችም።

አምስተኛ፤ የመስክ ምልከታው። ኮሚቴዎ የኛን ብቃት ለመገምገም ግቢዎ ድረስ የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። አምስት ሰዎች ፋይል ይዘው አንድ አልጋ ዙሪያ ቆመው ያየሁት በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቦቢ ከአጎበሩ ውስጥ ጅራቱን ወዘወዘላቸው። ለማስረዳት አፌን ስከፍት አንዱ የኮሚቴ አባል፣ «እኛ የምናየው ውጤት ነው» ብለው አስቆሙኝ። እትዬ ደብሪቱ ከጓዳ ወጥተው፣ «ኧረ እሱ ወርዶ ነበር፤ እሳቸው ናቸው ያወጡት» ቢሉ፣ የቤተሰብ ምስክርነት በአሠራሩ እንደማይያዝ ተነገራቸው። በገዛ ግቢያቸው፣ ስለ ገዛ አልጋቸው። በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ ጉሮሮዎን ጠርገው፣ «ጥረታቸው የሚበረታታ ነው፤ ዘላቂነት ግን ይጎድለዋል» አሉ። ሼዷ ለሚቀጥለው ድልድል ተይዛ እንድትቆይ ተወሰነ። እስከ ዛሬ እንደተቆለፈች ናት። ቁልፉ ዝጓል፤ ሄደን አይተነዋል።

ስድስተኛ፤ እስካሁን የጻፍኩትን እንደ ቀልድ ላነበበ ሰው። ባለፈው ሳምንት የገበያ ዕለት ጋሼ አደም የሚባሉ የቆላ ገበሬ ምጥ የጠናባትን ላም እየነዱ ወደኛ መጡ። ጥላ ያለው ቦታ የለንም። አስፋልቱ ዳር፣ የጭነት መኪና አቧራ እያለበሰን፣ ሙሀባ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ እኔ ነጠላዬን ለጥላ ዘርግቼ ይዤ ሠራን። ውሃ የቀዳነው ከሻይ ቤት ለምነን ነው። ላሟ ተረፈች። ጥጃው ሞቶ ወጣ። ንጹሕ ወለልና ጥላ ቢኖረን ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም፤ ሐኪም በእንዲህ ያለ ነገር አይምልም። ግን የተቆለፈችው ሼድ ካለንበት ትታያለች፤ ሙሀባ እጇን እየታጠበች እሷን ስታይ እኔ ሙሀባን አያለሁ። ጋሼ አደም ግን መረቁን። «አላህ ያለው ነው፣ ልጆቼ» አሉን። እኔ ደግሞ የኮሚቴውን ውሳኔ ከአላህ ጋር ደርቤ የመጥራት ድፍረት አጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ምን እንለምናለን? ቃልዎን። ሼዷን ስጡን ብለን ያለፋንበትን አንጠይቅም፤ የምንጠይቀው የታዘዝነውን ሠርተን ላስረከብንበት ቃል የተገባልንን ነው። ሥራው ዘላቂነት ይጎድለዋል መባሉን በሙያ ዓይን ስናጤነውም አስተያየቱ እውነት ሆኖ አግኝተነዋል። ስልጠናው ለውሻው ብቻ መሰጠቱ ስህተት ነበር። በመሆኑም ቀሪውን ሰልጣኝ በነጻ ለማሰልጠን ዝግጁ ነን። ትምህርቱ ከባድ አይደለም፤ የሚጠናው ቃል አንድ ነው፤ የሚከለከለውም አንድ ነገር፣ ፍራሽ መምታት ነው። ለጉበቱ አያስቡ።

ይህን ደብዳቤ ያነበባችሁ የከተማችንና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ከአጣዬም ከማጀቴም ያላችሁ፣ ኃላፊ የሰጣችሁን ፈተና አልፋችሁ በማግስቱ የወደቃችሁ ካላችሁ ጻፉልን። ከብት፣ ፍየል፣ አህያ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከተቆለፈችው ሼድ በር ፊት ለፊት ኑ፤ እኔና ሙሀባ እዚያው ደጁ ላይ ከፀሐይ ሥር እንሠራለን። እርስዎም፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ ቢመጡ ደስታውን አንችለውም። መምጣት ካልተመቸዎ መልስዎን በጽሑፍ ይላኩልን። «አይሆንም» እንኳ ቢሆን ተቀብለን እናመሰግናለን፤ ከዝምታ ይሻላል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ምክርዎ፣ ከሁሉም በላይ ለእንስሳት ስላለዎት ርኅራኄ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለሰውም እንዲተርፍ ከመመኘት ጋር፣

የልማት ጥሪዎን ሰምታ የመጣች ታዛዥዎ፣
የእንስሳት ሐኪም ኢየሩሳሌም
(ስለ ራሴና ስለ ሙሀባ)

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ዕለት እርስዎ ለስብሰባ ደብረ ብርሃን አድረው ነበር። ቦቢ ማንም ሳይነግረው ጆንያው ላይ ተኝቶ አድሯል። እትዬ ደብሪቱ ይህን እንድጨምር አዘውኝ፣ «እሳቸው ባልገቡ ቀን በዚህ ግቢ ሁሉም ቦታውን ያውቃል» ብለዋል። ቀጣዩ ስብሰባዎ መቼ እንደሆነ ለቤተሰብዎ አስቀድመው ቢያሳውቁ መልካም ነው።