አልበም አይቆረጥም

ደሬ ሆዴ፣

ከተለያየን ዓመት ሆነን። የሄድከው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነበር፤ ይኸው ጾሙ ዞሮ መጣና ሙት ዓመትህንም አወጣን። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። የኛን ልንገርህ፤ ደግሞ ሳላሳጥር ነው የምነግርህ፣ አንተም ማቋረጥ አትወድም ነበርና።

እኔና ልጅህ ደህና ነን። እኔ እዚያው የአረጋውያን ቤት እሠራለሁ። ሶልያና ነርሲንጓን ልትጨርስ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ትመረቃለች። የኔዋ አሮጌ መኪና አንተ በሄድክ ሰሞን ቆማ ስለቀረች ያንተን የምነዳው እኔ ነኝ። ወንበሩን ወደፊት ከማምጣት በቀር ምንም አልነካሁባትም።

ቤታችን ግን ዝም ብሏል። አንተ እያለህ ይህ የቻምበርስ ሮድ አፓርታማ ጸጥ የሚለው ሲዲ ስትቀይር ብቻ ነበር። ከታች ያለችው ሴትዮ፣ ያቺ ድምፅ ቀንሱ እያለች ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት የምትደበድበው፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አግኝታኝ ሙዚቃው ምነው ጠፋ አለችኝ። ነገርኳት። ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ አቀፈችኝ። ስምህን እንኳ አታውቅም ነበር።

ዝምታው እንደ ወጉ ነው። እህትህ እትዬ ዘነበች በለቅሶው ሰሞን ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላ ጣሉበትና ዓመት እስኪሞላ በዚህ ቤት ዘፈን እንዳይሰማ አሉ። እኔም ባይሉኝ ኖሮ ቅር ይለኝ ነበር። ሲዲዎችህን ሁሉ በጫማ ካርቶን አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው። ሥራ ቦታ ለአዛውንቶቹ ሙዚቃ ሲከፈት ሰው ያየኝ ይመስል አፍራለሁ። አንድ ቀን ግሮሰሪ ገብቼ ከጣሪያው የሚወርደውን ዘፈን ስሸሽ የሄድኩበትን ዘይት ሳልገዛ ወጥቻለሁ።

ዓመቱ ሲቃረብ ግን የፈራሁት ዝምታውን አልነበረም፤ ማለቁን ነው። ዘፈን የከፈትኩ ቀን አንተ በቃ የሞትክ መሰለኝ። ሶልያና ደግሞ በሌላ በኩል ያዘችኝ። ለምርቃቷ ድግስ ከተደገሰ የአባቷ አልበሞች እንዲከፈቱ፣ ካልሆነ ድግሱ እንዲቀር ፈለገች። ይወደው የነበረውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ምረጪልኝ ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፣ ካርቶኑን ግን አልከፍትም።

ሳልከፍተውም በልቤ አውቃቸዋለሁ። አንተ የምትወደው ዘፈን ሳይሆን አልበም ነበር። አንዱን ዘፈን ብቻ መርጦ መስማት ከወጥ ውስጥ ሥጋውን ለቅሞ እንደ መብላት ነው ትል ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በተሰደረበት ተራ፤ አልበም አይቆረጥም። ስንት ቀን ነው እራት አቅርቤ በመስኮት ሳይህ፣ ፓርክ አድርገህ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለህ የመጨረሻው ዘፈን እስኪያልቅ የምትጠብቀው! እጄን ሳወዛውዝልህ አንድ ጣትህን ታሳየኛለህ፤ አንድ ቀረ ማለትህ ነው። ወጡ ሲበርድ እኔ እግል ነበር።

ያ ካሴት አሁንም አለ። የተጫጨን ሰሞን የሰጠኸኝ፣ ጥሩምባ የበዛበት የባንድ ሥራ። ሽፋኑ ላይ የነበረው ዘፋኝ ፊቱ ደብዝዞ ሰፊው ኮሌታው ብቻ ቀርቷል። አንተ ኤ ሳይዱን ትወድ ነበር፣ እኔ ቢ ሳይዱን። ቢ ሳይድ ላይ ልቅሶ ይበዛል ብለህ ትስቅብኝ ነበር። ዛሬ የካሴት ማጫወቻም የለንም፤ ግን ለኔ ቀለበቴ እሱ ነው፣ ወርቁን የገዛኸው በኋላ ነው።

ቃል የሌለበት የሳክስፎኑ ሲዲ የሶልያና ነው። ሕፃን ሆና ከሰዓት አልተኛም ስትል መኪናው ውስጥ የሕፃን ወንበሯ፣ ካርሲቷ ላይ አስረን ያን ረጅም የኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር እንነዳላት ነበር። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ በየፌርማታው ሲቆም ከኋላው ቆመህ ትጠብቃለህ፣ መቅደም አትፈልግም። ሳክስፎኑ ድምፁን ዝቅ ወደሚያደርግበት ቦታ ሲደርስ ልጅቱ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል፤ አንተ ግን አልበሙ ስላላለቀ ወደ ቤት አትመለስም። ከተጋባን ወዲህ ብዙ ያወራነው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ምን እንዳወራን አንዱም ትዝ አይለኝም፣ ደስታው ግን ትዝ ይለኛል።

ሬጌውን የሰጠህ ዴንቨር መሀል ከተማ ፓርኪንግ ስትሠራ አብሮህ ይሠራ የነበረው ሰውዬ ነው። የሱን እንግሊዝኛ አንተ አትሰማ፣ ያንተን እሱ አይሰማ፤ ክረምቱን በሙሉ በዚያች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ያንን ሲዲ እያዳመጣችሁ ወዳጅ ሆናችሁ ወጣችሁ። ሰው ሬጌ ሲሰማ ባሕርና ፀሐይ ይታየዋል ይላሉ። እኔ የሚታየኝ በረዶ የለበሰ ኮፍያህ ነው።

ካንትሪውን፣ ያንን የአሜሪካ ባላገር ዘፈን ግን እስከ መጨረሻው አልለመድኩትም። በሽተኞችን ወደ ሆስፒታል ስታመላልስ አንድ ለኩላሊት እጥበት፣ ለዳያሊሲስ የሚሄዱ ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሽማግሌ ነበሩ። ለመንገድ ብለው ያመጡት ሲዲ እሳቸው ሲያርፉ አንተ ጋ ቀረ። ልትመልስ ለልጃቸው ብትደውል አንተው ያዘው አለችህ። መጀመሪያ ሽማግሌውን ለማሰብ ያህል ትሰማው ነበር፣ ኋላ ራስህ ወደድከው። ዘፋኙ የሚያለቅሰው ለሚስቱ ነው ወይስ ለመኪናው ብዬ ብጠይቅህ፣ ለሁለቱም ነው አልከኝ።

የኔ በገናው ነው። እናቴ ሞታ መቅበር ያልቻልኩ ጊዜ፣ ቀን የሰው እናት ሳጥብ ውዬ ማታ ቁጭ ብዬ የሰማሁት እሱን ነው። ያኔ አንተ ከጎኔ ተቀምጠህ እስኪያልቅ አዳመጥክ። ሌላ ማጽናኛ አልሰጠኸኝም፣ ሌላም አላስፈለገኝም።

ጾም በገባ ቁጥር ዘፈን ተቀምጦ በገናዬ ይወጣል። አንተ ደግሞ በየዓመቱ ትከራከረኛለህ፤ ካንትሪ ግማሹ ስለማይገባኝ ዘፈን አይባልም ትላለህ። በመጨረሻው ጾም ግን ሳትከራከር እሺ አልክ። እስከ ፋሲካ በመኪናም ቢሆን አልሰማም፣ ቃሌ ነው አልከኝ። እኔም አውቅህ የለ ብዬ ሳቅኩ።

የሄድክ ዕለት ከሥራ ስትመጣ መኪናው ውስጥ አልቆየህም። ፓርክ አድርገህ ቀጥታ ወጣህ። ዛሬ ምን ተገኘ ብዬ ቀለድኩብህ። ውኃ ጠየቅኸኝ። ከዚያ የሆነውን እኔም አንተም እናውቀዋለን፤ ልብህ አምቡላንሱን አልጠበቀችም።

አሁን ወደ ሙት ዓመትህ ልምጣ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ወደ ቤት መጣ። ቄሶቹ ባርከው፣ ቀምሰው ሄዱ። የዕድሩ ሰዎችና ዘመዶች ቀሩ። ሽሮውና ምስሩ ቀርቦ ሰው ሁሉ ድምፁን ቀንሶ ይበላል። እትዬ ዘነበች ዝምታው የከበዳቸው መሰለኝ፣ በገናሽን ክፈችልን አሉኝ። በገና በሐዘንም በጾምም አይከለከልም። ከመቀመጫዬ ስላልተነሣሁ ሶልያና ካርቶኑን አወጣች። በገና የያዙት አዛውንት ፎቶ ያለበትን መያዣ አንስታ ሲዲውን አስገባች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስለነበር ሲዲውን በቅጡ አላየችውም።

ጊታር ተመታ። ቀጥሎ ያ የካንትሪ ሰውዬህ በአፍንጫው መዝፈን ጀመረ። ዕድርተኛው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እትዬ ዘነበች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣

«ይኼ ደግሞ የየት አገር በገና ነው?» አሉ።

ሶልያና ሳቀች። ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። እኔ ግን በሰው ፊት አፈርኩ፣ አንተም ላይ ተናደድኩ። ይኸው፣ በበገናዬ መያዣ ደብቆ በጾም ሲሰማ ነበር አልኩ በልቤ። ልዘጋው ስነሣ እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዙኝ።

«የሱ ነው?»

አዎ አልኳቸው።

«ተዪው እንግዲህ፤ ይጨርስ።»

ልጅ ሆነህ ሬዲዮ በመሀል ሲዘጋብህ እንዴት ታለቅስ እንደነበር ኋላ አጫወቱኝ። ያሳደጉህ እሳቸው አይደሉ እንዴ? እናም ጨረሰ። ጥቁር የለበሰው ሰው ሁሉ ካንትሪ እያዳመጠ ምስሩን በላ፤ አንድ ሁለቱ እግራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አይቻለሁ፣ ስማቸውን አልነግርህም። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ማን ምን እንደሚል ግራ ገብቶን ስንተያይ እትዬ ዘነበች አሜን አሉ። ሲወጡም ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን ነጠላ አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

ሰው ከሄደ በኋላ የበገናዬን ሲዲ ፈለግነው። የካንትሪው መያዣ ባዶ ነው። ካርቶኑን ገለበጥነው፣ የለም። ሶልያና የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ወረደች፣ እኔም ተከተልኳት። ሞተሩን አስነስታ የሲዲ ቴፑን ከፈተችው። አንተ ከመውረድህ በፊት ሁልጊዜ ታጠፋው የነበረውን፣ እኔም ዓመት ሙሉ ያልነካሁትን።

በገና ነው የወጣው።

«ማሚ» አለችኝ ልጅህ፣ «ዳድ እኮ ፕሮሚሱን ኪፕ አድርጎ ነበር።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ለጾሙ ብለህ ካንትሪውን ከመኪና አውጥተህ በገናዬን አስገብተሃል፤ እጅህ ላይ የቀረው ባዶ መያዣ የበገናው ስለነበር ካንትሪውን እዚያው ከተትከው። ቃልህን ጠብቀህ ነበር። ለእኔም አልነገርከኝ፤ እኔም ያን ጾም ሥራ በዝቶብኝ የበገናውን መያዣ አልከፈትኩትም ነበር። ዓመት ሙሉ ዝም ያለ መኪና የነዳሁ ሲመስለኝ አንተ ስትሰማው የነበረውን ይዤ ነበር የምዞረው።

አንድ ነገር ግን ቆይቶ ነው የገባኝ፣ እሱም ወንበሩ ላይ እንዳለሁ አስለቀሰኝ። በገናው ከመጀመሪያው አልጀመረም። ከመሀል ነው የቀጠለው፤ ያ ቴፕ እንደሆነ ካቆመበት ነው የሚነሣው። አልበም የማትቆርጠው ሰውዬ ያን ቀን ቆርጠህ ነበር የወጣኸው። ደረትህ ምን ያህል ቢያምህ ነው ደሬ? እኔ እላይ ቆሜ ስቀልድ አንተ ያን ሁሉ ደረጃ ሕመምህን ይዘህ ነው የወጣኸው።

ሶልያና ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት። ሁለታችን እዚያው ቁጭ ብለን የቀረውን ሰማንልህ። የመጨረሻው ምስጋና አልቆ ቴፑ ራሱ ዝም እስኪል ከመኪናው አልወረድንም። አለቀ፤ አሁን ሙሉ ሰምተኸዋል።

ለምርቃቷ ሳክስፎኑም ሬጌውም ይከፈታል፣ ካንትሪውንም እትዬ ዘነበች ራሳቸው ይከፈት ብለው ከወዲሁ አስይዘዋል። ሁለቱን ሲዲዎች ወደየመያዣቸው አልመለስኳቸውም፤ አንተ እንዳደረግካቸው ይኖራሉ። በየዓመቱ ጾም ሲገባ በገናውን በዚህችው መኪና እሰማልሃለሁ፣ መኪናዋ ብታረጅ ሌላ እፈልጋለሁ። ዘፈን ስከፍት አንተ የምትሞት መስሎኝ ነበር አላልኩህም? እንደሱ አልሆነም።

ትናንት ከሥራ ተመልሼ ፓርክ አደረግኩ። ሶልያና እራት አቅርባ በመስኮት እጇን ስታወዛውዝልኝ አየኋት። አንድ ጣቴን አሳየኋት።

ያንተዋ አልማዝ