ኢዮብን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ውድ አባባ፣

ዓይንዎ እስኪሻለው ድረስ ደብዳቤዎን የምታነብልዎ እህቴ ናትና መጀመሪያ እሷን ልለምን። እህት ዓለም፣ ቀጥሎ ያለውን ሳትዘልዪ፣ ድምፅሽንም ሳታለሳልሺ አንብቢላቸው።

አባባ፣ የተረጎሙትን መጽሐፈ ኢዮብ አጥፍቼው ነበር። በደወሉ ቁጥር «ሥራው ደህና ነው» ስልዎ የነበረው ውሸት ነው።

ለቀዶ ሕክምናው በሄዱ በሦስተኛው ቀን ማተሚያ ቤቱ ፋይሎቹ በሌላ መልክ እንዲላኩለት ጠየቀ። ያንን አዝራርም ሥዕልም ስለሌለው እርስዎ «ፊት የሌለው» የሚሉትን ፕሮግራም ከፈትኩ። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል፤ የሚያነበው ፋይል ስም፣ ከዚያ የሚጽፍበት ፋይል ስም፣ አለቀ። ዘፍጥረትን፣ ሩትን፣ መዝሙርን አከታትዬ ጨረስኩና ልቤ አበጠ። ኢዮብ ላይ ስደርስ ለሁለቱም አንድ ስም ሰጠሁ። ፕሮግራሙ እንደታዘዘው መጀመሪያ የሚጽፍበትን ፋይል ባዶ አደረገ፤ ሊያነብ ሲመለስ የሚነበብ ነገር አልነበረም። እኔም ፋይሉን ስከፍተው አንድም ፊደል አጣሁበት።

ፍላሹ ላይ ያለው ቅጂ ኢዮብን ሳይጀምሩ የተቀመጠ ነው። እሱን ማደስ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። ወደ እናትዎ ቋንቋ ለመተርጎም ስድስት ዓመት የለፉበት ነገር ነው፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ ከልክሎዎታል። ሁለት ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ልብስ መስፊያ ቤት ሄድኩ። እያንዳንዱን ምዕራፍ አትመው እዚያ እንደሚያነቡላት አውቃለሁ፤ ቃሉ ቅር ሲላት ማሽኗን ታቆማለች፣ እርስዎም በቀይ ያርማሉ። ወረቀቱንስ የት አደረግሽው ብላት ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። እህትዎ ቁርጥራጭ ወረቀት እንኳ አትጥልም፤ የልብስ ልኬት ቆርጣ ግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለች። ምዕራፍ ሦስት የሸሚዝ ኮሌታ ሆኗል፣ ምዕራፍ ሃያ ስምንት ሁለት እጅጌ። መሬት ላይ ተንበርክከን እጅጌውን ከኮሌታ፣ ኪሱን ከወገብ እየገጠምን ለጠፍነው። ሳቅ አፈነኝ፣ እሷም አብራኝ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እሷ ስትሰፋ እኔ ጻፍኩ። አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ስድስት ዓመት ፋይሎችዎን ስቀዳና ለማተሚያ ቤት ስልክ አንዱንም ገጽ አንብቤ አላውቅም። ፊደል በፊደል ስጽፈው ግን ከማንበብ ማምለጫ የለም። የኢዮብ ምሬት የእርስዎ ድምፅ ያለው መሰለኝ። አንድ ቀን እጄን ከቁልፎቹ ላይ አንስቼ ወረቀቱን ብቻ ሳነብ አክስቴ ማሽኗን አቆመች።

«አባትሽ የሚፈራው ይጠፋል ብሎ አልነበረም» አለችኝ። «ልጄ ሳታነበው እሞታለሁ ብሎ ነው።»

መጻፌን ቀጠልኩ።

ትናንት ፊት የሌለውን ፕሮግራም የየምዕራፉን ቁጥሮች እንዲቆጥር አዘዝኩት፤ የሁለቱን ፋይሎች ስም ሦስት ጊዜ ካየሁ በኋላ ነው ታዲያ። አንድ ሺህ ሃምሳ ሦስት ቁጥር፣ ከተጻፈው አንድም አልጎደለም። እፎይ አልኩ። ሌሊቱን ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እኔ የተየብኩት ግን እስከ ምዕራፍ አርባ አንድ ነው። ምዕራፍ አርባ ሁለትን ወደ ሐኪም ቤት በሄዱበት ጠዋት ጨርሰውት ኖሮ፣ ለአክስቴ አላነበቡላትም፣ ወረቀትም የለውም። ከሌላ ትርጉም ማየት እችል ነበር፤ አላየሁም። ቅዳሜ ኮምፒውተሬን ይዤ እመጣለሁ። አጠገብዎ እቀመጣለሁ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰውየው መጨረሻው ምን እንደሆነ ከአፍዎ መስማት እፈልጋለሁ።

ዘግይታ የደረሰች አንባቢዎ፣
ልጅዎ