ከባላምባራስ ምስል ሥር ስላለችው ቅቤ ነጋዴ

ጎባ፣ ሰኔ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለክቡር ባላምባራስ በየነ
የእንግዶች አዳራሽ የበላይ ጠባቂ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የጎባ ጉም ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ በተለይም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፊትዎን እንዳይነካው ሌት ተቀን ዱዓ አደርጋለሁ። ውለታዎን ሳልዘረዝር ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁና እነሆ።

1ኛ. የሥዕል ትምህርቴን አዲስ አበባ ጨርሼ ስመለስ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለሦስት ወር ሰጥተው፣ «የባሌ መልክ» የሚል ሥዕል ሠርቼ እኛ ማን እንደሆንን ለእንግዶች እንዳሳይ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኙ መልኩን ፍለጋ ሮቤ ገበያ ድረስ ወረድኩ፤ የአባቴን እህት፣ አዳዳ ሞሚናን፣ የቅቤ ቅሏን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ሣልኳት። ሃያ ቀን ገበያዋን ትታ ተቀመጠችልኝ። ከተወለደች ጀምሮ ሰው እንዲህ ትኩር ብሎ አይቷት እንደማያውቅ የነገረችኝ ያኔ ነው።

2ኛ. እንግዶቹ ሊደርሱ ሦስት ቀን ሲቀር መጥተው፣ ቅቤ ነጋዴ ለክቡራን ዓይን እንደማትቀርብ ስላስረዱኝና የሥዕሉ ስም እንዳለ ሆኖ በእርሷ ላይ የራስዎን ምስል እንድደርብ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ባሌ ከመጡ ሰባት ዓመትዎ ነው፤ ከቤትዎ እስከ ቢሮዎ ያለውን መንገድ ጠንቅቀው ያውቁታልና፣ የባሌ መልክ ለመባል ከእርስዎ የሚቀድም ማን አለ።

3ኛ. የዘይት ቀለም በሦስት ቀን እንደማይደርቅ ባመለክትዎ፣ ለግድግዳ በተገዛው፣ በውሃ በሚበጠበጠው ቀለም እንድጨርስ ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ሙያ ከሹመት ጋር አብሮ እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር።

4ኛ. በምረቃው ቀን አዳዳ ሞሚና አዲስ ሻሿን አስራ፣ ጎረቤቶቿን አስከትላ ከሮቤ ስትመጣ፣ ዘበኛዎ በትእዛዝዎ ከበር መልሷታል። እዚህ ላይ ምስጋናዬን አቋርጣለሁ። መልኳ መሸፈኑን ሰምታ፣ ዝናብ እየመታት ቆማ ፊቷን ምን እንዳደረግሁት ጠየቀችኝ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ይህንንም አልረሳልዎትም።

ስለዚህ ውለታዬን ልመልስ። የውሃ ቀለም በዘይት ቀለም ላይ ዕድሜ የለውም፤ እርጥበት ሲያገኘው ይነሣል። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ ስላልጠየቁኝ አልነገርኩዎትም። አሁን ክረምቱ ገብቷል፤ የአዳራሹ ጣራ እንደሚያፈስም ክቡርነትዎ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። እንግዶቹ ሥዕሉን ስለወደዱት በመስከረም ተመልሰው አጠገቡ ፎቶግራፍ ሊነሡ ቃል ገብተዋልና፣ ማውረድ አይሆንልዎትም። የሚያድሰው እጅ ደግሞ የእኔ ብቻ ነው፤ እርሱም ሥራ በዝቶበታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ከግንባርዎ እስከ ጢምዎ በአክብሮት የሣለዎት፣ ቀለምዎ እስኪራገፍ ድረስም ውለታዎን የማይዘነጋ፣

ሠዓሊ ጀሊል ዲኖ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ያው ዘበኛዎ፣ አፍሮም ይሁን ገርሞት፣ አዳዳ ሞሚናን በራሱ ፈቃድ አስገብቷት ነበር። ከግራ ጉንጭዎ ላይ አንድ ዓይኗ ወጥቷል፤ ከሆድዎም ላይ ቅሏ መታየት ጀምሯል። ራሷን ወዲያው አወቀች። በላይዋ የተቀመጠው ሰውዬ ማን እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ መንገደኛ ነው፣ ዝናቡ ሲበረታ ይሄዳል አልኋት።