ስምንት ላይ የሚቆም ቆጠራ

አሰላ፣ ሰኔ ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለአባይነሽ፤
ጎበሳ።

ጤናሽ እንዴት ነው? የእናትሽስ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ። ጣሪያውን ዝናቡ ሳይበረታ አስጠግኜዋለሁ። ላሚቱን ጎረቤታችን አይሻ ታልብልኛለች፤ ወተቱን ስታመጣ ሁልጊዜ ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ሁልጊዜ «ደህና ናት» እላታለሁ። ከሄድሽ አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ነው። ለጻፍኩልሽ ሦስት ደብዳቤ መልስ ባትሰጪኝም አልተቀየምኩም። ይኼን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። የሚያደርስልሽ ነጋዴው ሀሰኖ ነው፤ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ብዬ ቸኩዬ ነው የምጽፈው።

ልጃችን ሣህሌ ካረፈ ወዲህ የሜዳ ወሬ፣ የቅርጫት ኳስም ቢሆን፣ መስማት እንደማትወጂ አውቃለሁ። የምነግርሽ ነገር ግን ያለ ኳሱ አይነገርም።

በሚያዝያ ተማሪዎቼን ይዤ ናዝሬት ወርጄ ነበር። ስልሳ ስምንት ለሃያ አራት አሸንፈው ሰደዱን። የናዝሬቶቹ ልጆች ንፋስ ናቸው። የእኛ ልጅ ወርውሮ ሲስት ኳሷን ከአየር ላይ ይቀልቡና በአንድ ረጅም ውርወራ ደመቀ ለሚባለው አምበላቸው ይልኩለታል፤ እኛ ፊታችንን ሳናዞር እሱ አግብቶ ይመለሳል። በጭነት መኪና ወደ አሰላ ስንወጣ ልጆቹ አንገታቸውን እንደደፉ ነበር። እኔ ጨዋታውን በልቤ ስመላልሰው፣ ካገቧቸው ነጥቦች የሚበዙት እኛ ቸኩለን ከሳትናቸው ኳሶች የመጡ መሆናቸው ገባኝ። የሚያጎርሳቸው የእኛው ጥድፊያ ነበር።

የመልሱ ግጥሚያ እዚህ እኛ ሜዳ ሊሆን ተቀጠረ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ወልደ ሚካኤል ጠሩኝና «ልጆቹን ጠዋት ጠዋት አሩጣቸው። በሩጫ ካልበለጥናቸው በምን እንበልጣቸዋለን?» አሉኝ።

«በዝግታ» አልኳቸው።

አሁን ሰዉ ሁሉ ብልሃቴን ያወድሳል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ብልሃት አልነበረም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ፊሽካዬን አፌ ላይ አድርጌ አንድን ልጅ «ሩጥ» ማለት አቅቶኛል። የቀረልኝ መንገድ ዝግታ ብቻ ስለነበረ በእሱ ሄድኩ።

ልጆቹን እንዲህ አልኳቸው፦ ኳሷን አሥራ ሁለት ጊዜ ሳትቀባበሉ ማንም እንዳይወረውር። ቁጥሩንም እያንዳንዳችሁ በልባችሁ ያዙት፣ ጮክ ብላችሁ ከቆጠራችሁ መቼ እንደምትወረውሩ ያውቁባችኋል። ስንወረውር ቅርጫቱ ሥር የሚቀረው ረጅሙ አብዶ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችሁ ኳሷ ከእጅ እንደወጣች ወደ ኋላ ተመለሱ። ኳሷን እነሱ ከቀለቧት ደግሞ አብዶ ከቀላቢው ፊት እጁን ዘርግቶ ይቁም፣ ረጅሙን ውርወራ ይከልክለው። ደመቀን አታባርሩት፤ ቀድማችሁ ጠብቁትና በግራ እጁ በኩል ወደ መስመሩ ግፉት። በዓለም አቀፉ ሕግ ኳስ ከሠላሳ ሴኮንድ በላይ አይያዝም፤ እኛ ዘንድ ግን ያለው ሴኮንድ የማያሳየው የርዕሰ መምህሩ የጠረጴዛ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ዳኛው ያንን ሕግ እንደማይጠቀሙበት ለሁለቱም ወገን ተናግረው ነበር።

አምበላችን ጉቱ ሁለት ሳምንት ችሎ ችሎ አንድ ቀን «መምህር፣ ይኼ ኳስ ነው ወይስ ሽምግልና?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ግጥሚያው ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ሜዳውን ከቦታል። ልጆቹ ያልኳቸውን አደረጉ። ናዝሬቶቹ መጀመሪያ ሳቁብን፣ ቀጥለው ተናደዱ፣ ከዚያ ኳሷን ለመንጠቅ እየዘለሉ ጥፋት ይሠሩ ጀመር። እረፍት ስንወጣ አሥራ አንድ ለዘጠኝ እየመሩን ነበር። ሰዉ አሰልቺ ነው ብሎ ሲያጉረመርም እሰማለሁ። እኔ ግን ደመቀ ውሃውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ጣሳውን በንዴት ሲወረውር አይቻለሁ።

ሁለተኛው ግማሽ እንደተጀመረ ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ወረደ። የአሰላን የሰኔ ጉም ታውቂው የለ? መጀመሪያ ወዲያ ማዶ ያለውን ቅርጫት ሸፈነው፤ ከዚያ ተመልካቹን። የጫጫታው ድምፅ እንኳ ርቆ ሄደ። ዳኛው ሊያቋርጡ ፈልገው ነበር፤ ሁለቱም አምበሎች ግን እንቀጥል አሉ። ነጭ ነገር ውስጥ አሥር ልጆች እንደ ጥላ ሲንቀሳቀሱ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ያን ጊዜ ቆጠራውን ሰማሁት።

«ቶኮ... ለማ... ሰዲ...»

በኦሮምኛ ነው። በልባችሁ ቁጠሩ ያልኩትን ረስቶ ጉቱ ጮክ ብሎ የሚቆጥር መስሎኝ ልገሥጸው ከወንበሬ ተነሣሁ። ድምፁ ግን በቅብብሉ መካከል እንደሚሮጥ ሰው ያለከልካል። ከእኛ ልጆች የሚሮጥ አልነበረም። «ሰዴት» ሲል፣ ስምንት ሲል ማለቴ ነው፣ ዝም አለ። ያኔ አብዶ ወረወረና አገባ። አሥራ ሁለት ሳይሞላ እንዳይወረውሩ ያስጠነቀቅኳቸው ልጆች በስምንተኛው ወረወሩ። በሚቀጥለውም ተራ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላም። ስምንት ላይ ድምፁ ሲቆም ኳሷ ከእጃቸው ትወጣለች፣ የቀለበቱ ብረት ሲንቃጨል እሰማለሁ።

አባይነሽ፣ አላበድኩም። ልጃችን ከአይሻ ልጆች ጋር ስላደገ ሲቆጥር በኦሮምኛ እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ። «ሰዴት» ሲል ምላሱን እንዴት እንደሚይዘው አውቃለሁ። ማንንም ሳልገሥጽ መልሼ ተቀመጥኩ።

ሃያ ሁለት ለአሥራ ዘጠኝ አሸነፍን። ከተማው ልጆቹን ተሸክሞ ዞረ። ደመቀ ሊጨብጠኝ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«መምህር፣ ከእናንተ መካከል የሚቆጥረው የትኛው ነው?» አለኝ።

«ለምን ጠየቅኸኝ?»

«ከኋላዬ እየሮጠ ነበር። ስዞር ማንም የለም። ቋንቋው ባይገባኝም ሁልጊዜ አንዲት ቃል ላይ ይቆማል። ከዚያች ቀጥሎ የሚለውን ስጠብቅ እግሬ ይያዝብኛል።»

ወዲያው ጉቱ መጣ። እሱ የሚቆጥረው አብዶ መስሎት ነበር፤ አብዶ ደግሞ ጉቱ መስሎት ነበር። «ማን ነበር፣ መምህር?» አለኝ። «አላውቅም፤ ከተመልካቹ አንዱ ይሆናል» አልኩት። ልጁ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እንደዋሸሁት ገባው መሰለኝ።

በማግስቱ ጉሙ ሲወርድ ብቻዬን ሄድኩ። ወደ ኳሱ ሜዳ አይደለም፤ ከትምህርት ቤቱ በታች ወዳለው ወደ መሮጫው ሜዳ። ብዙ ሳልቆም ከወዲያ ጥግ ሰማሁት። አንድ፣ ሁለት፣ እያለ ይቀርባል፣ በአጠገቤ ያልፋል፣ ይርቃል፣ ደግሞ ይመለሳል። እርጥቡ ሣር ላይ የእግር ኮቴ አለ፤ የሚረግጠው ግን አይታይም። ስምንት ብሎ ሲቆም ዘጠኝን እኔ አልኩለት። «ሰገል» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ትንፋሹ ብቻ እዚህ፣ ትከሻዬ አጠገብ፣ ጥቂት ቆየ። ከዚያ እሱም ቀረ።

እንግዲህ ከአንቺ የደበቅኩትን ልጻፈው።

ያን ቀን ጠዋት ሣህሌ ብቻውን ሊሮጥ ሄዶ ወድቆ አገኘሁት ብዬ ነበር የነገርኩሽ። ለቄሱም፣ ለወንድሞችሽም ያልኩት ይኼንኑ ነው። ውሸት ነው። ቀስቅሼ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አሥር ዙር ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ፈጣን ልጅ ነበር፣ ከፈጣኖቹም እንዲበልጥ ፈለግሁ። ስድስተኛውን ጨርሶ በአጠገቤ ሲያልፍ «አባባ፣ ደረቴን ወጋኝ» አለኝ። እኔም ፊሽካዬን እንደያዝኩ «አራት ብቻ ቀረህ» አልኩት። ሰባትን ቆጠረ። ስምንትን ቆጥሮ ወደቀ።

ይኼን ካወቅሽ በኋላ ፊቴን ማየት ባትፈልጊ መብትሽ ነው። ለወንድሞችሽ ማንበብም ትችያለሽ። ለርዕሰ መምህሩ ትናንት ነግሬያቸዋለሁ፤ ፊሽካውንም ጠረጴዛቸው ላይ ትቼው ወጣሁ። ጉቱንም ጠርቼ ነገርኩት። «ታዲያ ለእናቱ ነግረዋቸዋል?» ብቻ ነው ያለኝ።

ለቅሶ ላይ ስትዪ የነበረው አንድ ነገር እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። «ልጄ እንደ ሜዳ አውሬ ብቻውን ሞተ፣ እጁን የሚይዘው ሳያገኝ» ትዪ ነበር። ከጎንሽ ተቀምጬ እሰማ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ያ ሐዘን ይቀልልሽ ነበር፤ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ብቻውን አልነበረም፣ አባይነሽ። ራሱ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ እጁም እጄ ውስጥ። ነፍሱ እስክትወጣ አልለቀቅኩትም። መጨረሻ ላይ የተናገረውም ስለ አንቺ ነው። «ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች» አለኝ።

ቃሉን ጠብቄ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ። አንቺን ስለፈራሁ ነው።

የጎበሳው ብርድ አይንካሽ፣ እናትሽን ያቆይልሽ፣ ፈጣሪ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ።

የሣህሌ አባት፣
ገብረ መድህን