ከሮቶ ሥር ስላሉት አሥራ አንድ ስሞች

ለተከበሩ የአካባቢ ቅርሶች ፋይዳ ምዘና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ለመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያዎች ደግሞ ከመኪና የሚያስወርድ ጉልበት እንዲሰጣቸው ጊዮርጊስን ለምኜላቸዋለሁ፤ የለመንኩበትን ምክንያት ዝቅ ብለው ያገኙታል።

ተናኘወርቅ ሚናስ እባላለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚያወርደው የውስጥ መንገድ ላይ ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ሴት ነኝ። በዚህ መንገድ ዳር ከወገቤ ከፍ የማይል አንድ የድንጋይ ሐውልት ቆሞ ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ከየቤታቸው እያወጡ የገደሏቸው የሰፈራችን ሰዎች ስም ተቀርጾበታል፤ አሥራ አንድ ናቸው። ሬሳቸው በካሚዮን ተጭኖ ወዴት እንደተወሰደ ስላልታወቀ መቃብር የላቸውም። አገር ነፃ ሲወጣ የተረፉት ጎረቤቶቻቸው ያንን ድንጋይ አቆሙላቸው፤ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም አብረው እንደኖሩት አብረው ጻፏቸው።

ጽሕፈት ቤትዎ ይህ ሐውልት «ፋይዳ የሌለው» መሆኑን በደብዳቤ ስላሳወቀን እጅግ እናመሰግናለን። እኛ ፋይዳ ማለት መታወቂያው ብቻ መስሎን ሁላችንም ተሰልፈን አሻራ ሰጥተን ወስደናል፤ ሙታኖቻችን ግን ለአሻራ መቅረብ ባለመቻላቸው ይቅርታ እንጠይቃለን።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ነገር በቢሮዎ እንደማይነበብ ተነግሮኛልና።

አንደኛ፤ ምዘናው የተካሄደው ሐምሌ ውስጥ በአንድ ዝናባማ ሐሙስ ነው። ባለሙያው ከመኪናቸው ሳይወርዱ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ ከሐውልቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያለውን አቶ አቡበከርን ጠሩት። የአቡበከር አያት አቶ በድሩ ከአሥራ አንዱ አንዱ መሆናቸውን ባለሙያው አልጠየቁም።

«ድንጋዩ ላይ የታወቀ ሰው አለበት?» አሉት።

«እኛ እናውቃቸዋለን» አላቸው።

ባለሙያው መስኮቱን ዘግተው «የታወቀ ሰው የለም» ብለው ጻፉ። ውጤቱም ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። እኔ በመምህርነት ዘመኔ ብዙ ልጅ ጥያለሁ፤ ወረቀቱን ሳላነብ የጣልኩት ግን የለም። ይህን አዲስ የእርማት ዘዴ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ዓይኔ እስከዛሬ ደህና በሆነ ነበር።

ሁለተኛ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ድንጋዩ ተነቅሎ በቦታው ሣር ተተከለ፤ መብራትም ቆመ። መብራቱ ያምራል፤ አልክድም። የሚያበራው ግን ሣሩን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ እንቁ አስገዶም ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። አባታቸው አቶ አስገዶም ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፤ በዚያ የካቲት ከቤት ሲወሰዱ እንቁ የሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። የአባታቸውን መልክ አያስታውሱም። ፊደልም አልቆጠሩም፤ የስሙን ቦታ ግን በጣታቸው ያውቁታል፤ ከላይ አራተኛው ነው። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ጠዋት ድንጋዩን በውሃ አጥበው፣ እያንዳንዱን ስም በጣታቸው እየዳሰሱ አሥራ አንዱንም ይጠራሉ።

ከቤት እምብዛም ስለማይወጡ መነቀሉን አላወቁም ነበር፤ ያለፈው የካቲት ሲቃረብ እውነቱን መናገር አቃተኝና «ለጽዳት ወስደውት ነው» ብዬ ዋሸኋቸው።

«ለጽዳት?» አሉኝ። «እኔ ምን ሠርቼ ነው ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት?»

አላመኑኝም። በማግስቱ ለማንም ሳይናገሩ ማሰሮአቸውን ይዘው ብቻቸውን ወረዱ። ጥበቃው በትሕትና «እናቴ፣ ሣሩ ላይ መቆም ክልክል ነው» አላቸው። እሳቸውም «አባቴ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ክንዳቸውን ይዞ ቤታቸው አደረሳቸው፤ እግዜር ይስጠው። በዚህ ደብዳቤ ላይ ያለ ፌዝ የማመሰግነው እሱን ብቻ ነው። ወይዘሮ እንቁ እኔን ለስምንት ቀን አላነጋገሩኝም፤ ይገባኛል።

አራተኛ፤ ከዚያ በኋላ እኔና አቡበከር ቢሮዎ አራት ጊዜ ተመላልሰናል። በአራተኛው ቀን የሚፈርም ሰው ስንጠብቅ አቡበከር እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ዞረና ሳይታጠብ ተመለሰ። «እትዬ ተናኘ፣ ነይ እዪ» አለኝ። የግቢዎ የውሃ ሮቶ እንዳያዘነብል ከሥሩ ድንጋይ ተጋድሞለታል። የእኛ ድንጋይ ነው። ስሞቹ ወደ መሬት ተደፍተዋል።

ድንጋያችን ይመለስልን ብንል የተሰጠን መልስ በግልባጭ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። ቅርስ ስላልሆነ የማስመለሻ ቅጽ የለውም። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ደግሞ ያለ ቅጽ ከግቢ አይወጣም። ይህን የተናገረችው ወጣት ሠራተኛ ተናግራ ስትጨርስ ራሷም አንገቷን ደፋች። ስሟን አልጠቅስም፤ ማፈር የሚችል ሰው ከቢሮዎ እንዲነሳ አልፈልግምና።

አምስተኛ፤ ወይዘሮ እንቁ «አሳዩኝ» ሲሉ በሚያዝያ ይዘናቸው መጣን። ጭቃው ውስጥ ተንበረከኩ። ጣታቸውን ከድንጋዩ ሥር ለማስገባት ሞከሩ፤ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። አራተኛው ስም ጋ አልደረሰላቸውም። ከዚያ እጃቸውን አውጥተው ጭቃውን በነጠላቸው ጠረጉና «በአፍ ጢማቸው ደፏቸው» አሉ። አቡበከር ፊቱን አዞረ። እኔ የት እንደቆምኩ አላስታውስም።

ስድስተኛ ብዬ የጻፍኩት ነበረ፤ ሰርዤዋለሁ። ለስድብ የቀረበ ነበር፤ እኔም ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት እስከ መጨረሻው መጠበቅ እፈልጋለሁ።

ለማመልከቻችን «ጉዳዩ በሚቀጥለው በጀት ዓመት በቅደም ተከተል ይታያል» ብለው ስለመለሱልን እናመሰግናለን። ለዘጠና አንድ ዓመት ሴት የሚቀጥለውን ዓመት እንዲህ በልበ ሙሉነት ቃል የሚገባ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ እርስዎን ብቻ አይቻለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ ውሃ እንዳይቋረጥ፣ መስኮትዎም ዝናብ እንዳያስገባ እየተመኘሁ፣ በተደፉት ስሞች ፊት ግን ለመቆም እንደማልሰንፍ በአክብሮት አረጋግጥልዎታለሁ።

ተናኘወርቅ ሚናስ
ጡረተኛ መምህርት፤ የአቶ አስገዶም ልጅ ጎረቤት

ማሳሰቢያ፤ በምዘና ቅጹ ላይ «በሕይወት ያሉ ዘመዶች» ለሚለው «የሉም» ተብሎ ተሞልቷል። እነዚህ የሌሉ ሰዎች በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግቢዎ ይመጣሉ፤ ትናንት ስንቆጠር ስልሳ ሦስት ሆነናል። ለወይዘሮ እንቁ አንድ ወንበር ቢያስቀምጡላቸው ደስ ይለናል። ሮቶውን ግን እንዳይቸገሩበት፤ እኛው አጎድለን እናነሳዋለን።