ያዘመመችው መርከብ

ቦነስ፣ ስኮትላንድ

ልጄ ግሪዜል፣ ኒውዚላንድ ድረስ በሰላም ያሻገረሽ አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እኛ ደኅና ነን፤ ጉልበቴን ብቻ ብርዱ ይነካካዋል። አንቺም እግርሽን እንዳይበርድሽ።

ሸክላ ፋብሪካው ውስጥ ዛሬም ሰማያዊውን የመርከብ ሥዕል ከወረቀት ወደ ሳህን አትማለሁ። ሰሞኑን አንዷን መርከብ አዝምሜ አተምኳትና አለቃዬ፣ "ይቺ አትሸጥም፤ ቤትሽ ውሰጃት" አለኝ። አባትሽ ከሄድሽ ወዲህ ተቀይሞ ስምሽን አንሥቶ አያውቅም ነበር። ሳህኗን ግን ከእጄ ተቀብሎ ከምድጃው በላይ አቆማት። እሑድ ጎረቤታችን እትዬ ኤፊ፣ "አርኪ፣ መርከብህ ልትሰምጥ ነው እኮ!" ብላ አባትሽ ላይ ሳቀች።

"ምን ታሟርቺያለሽ! ልጄ በሰላም ደርሳለች" አላት ተቆጥቶ።

"ልጄ" ሲል ከሰማሁት ሦስት ዓመቴ ነው። እንባዬን እንዳያይብኝ ጎንበስ ብዬ የአጃውን ገንፎ አማሰልኩ።

የኔ ዓለም፣ የሚቀጥለውን ደብዳቤ በእሱ ስም ጻፊው። አላነብም ይል ይሆናል፤ አንቺ ግን ጻፊለት። ምርቃቴ በሄድሽበት ይቅደምሽ።

እናትሽ ጃኔት